ማጋጠሚያው፦ የሚታጠቁት ጋቢ እንዴት ይመረጣል

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ የወንድ የክት ልብስ ብዙ አይደለም። እጀ ጠባብ ወይም ሸሚዝ፣ ቁምጣ ወይም ተፈሪ ሱሪ፣ በላዩ ኩታ ወይም ጋቢ፣ ወገብ ላይ ድግ (የጨርቅ መታጠቂያ)፣ ካስፈለገም በላዩ ዝናር (የጥይት ቀበቶ)፣ እጅ ላይ ሽመል፤ በቃ። ከእነዚህ ሁሉ ከፍ ያለ ሙያ የሚጠይቀውም፣ ያለ አግባብ የሚመሰገነውም ጋቢው ነው። ጋቢን መከናነብ ሌላ፣ መታጠቅ ሌላ። ትከሻ ላይ የተጣለ ጋቢ ጉድለቱን ደብቆ ዓመታት ሊኖር ይችላል። ወገብ ላይ የተጠመጠመና ዝናር ያረፈበት ጋቢ ግን የሸማኔውንም የሰፊውንም ገበና በአንድ ቀን ያወጣል።

የጥጡ ንጣት፣ የጋቢው ርዝመት፣ እድፍ አለመኖሩ ማንም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ እዚህ አይነሳም። ጥጡ የመተማም ይሁን የሁመራ ለምርጫ ትልቅ ልዩነት አያመጣም። ፈትሉ ግን ያመጣል። በእንዝርት የተፈተለ ክር ጸጉራም ስለሆነ አንዱ ፈትል ሌላውን ይይዛል፤ የፋብሪካ ክር ለስላሳ ስለሆነ ይሸሻል። ዛሬ አብዛኛው ሸማኔ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ያደርጋል። ይህ ያስኬዳል። ድሩም ማጉም የፋብሪካ የሆነ ጋቢ ለአልጋ ልብስነት ይበቃ ይሆናል፤ ለመታጠቅ አይበቃም። የሚያብለጨልጭ ሳባ ክር የገባበት ደግሞ ቀበቶ ሥር አንድ ሰዓት አይቆይም፤ እየተንሸራተተ ወርዶ ለባሹ በሠርጉ ቀን ወገቡን ሲያሳድድ ይውላል። ለሚታጠቅ ጋቢ ሳባ አይገባም።

ገዢዎች ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ጥለቱን ነው። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩ ደመቅ ካለ፣ መስቀሉ በጥበብ ከተጠለፈ፣ «እንዴት ያለ ሥራ ነው!» ይላሉ። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ጋቢውን ጥለቱ ብቻ እንዲታይ አድርጎ ያጣጥፈዋል። በዚህ አስተጣጠፍ ውስጥ ተሸሽጎ የሚቀረው ቦታ ነው ጋቢውን ጋቢ የሚያሰኘው፤ እርሱም ማጋጠሚያው ነው።

የሸማኔ እቃ ጠባብ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ሲያሳልፍ፣ የሚሠራው ሸማ ወርድ ከክንዱ መድረሻ አያልፍም። ስለዚህ ጋቢ ከሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ተገጥሞ ይሰፋል። ትከሻ ላይ ሲጣል ያ ስፌት ጀርባ ላይ ተጋድሞ ማንም ሳያየው ይውላል። ወርዱን ወደ ታች አድርገው ከብብት በታች ሲጠመጥሙት ግን ማጋጠሚያው ወገብን ይዞራል፤ ድጉም ዝናሩም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው። የጋቢው የታችኛው ግማሽ ክብደት በሙሉ በዚያ አንድ ስፌት ተንጠልጥሎ ይውላል። ለባሹ ሲቀመጥ ይጎተታል፣ ሲራመድ ይወዛወዛል፣ እስክስታ ሲወርድ ይነጠቃል።

ጎንደር ብቻዋን አይደለችም። የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች ዛሬ ኪልት የሚባለውን ልብስ ከመስፋታቸው በፊት የሚለብሱት ያልተቆረጠ ረጅም የሱፍ ሸማ ነበር። የእነርሱም የሸማኔ እቃ ጠባብ ስለነበረ ሁለት ወርድ አጋጥመው ይሰፉትና መሬት ላይ ዘርግተው፣ ሸብሽበው፣ በቀበቶ ይታጠቁት ነበር። የብሪታንያ መንግሥት ይህን ልብስ በ1746 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ከልክሎ በ1782 ሕጉን አነሳ። ኪልቱ በኋላ ሽብሽቡ አስቀድሞ የሚሰፋ ስለሆነ ቀበቶው ከሞላ ጎደል ጌጥ ሆነ፤ ኪስ ስለሌለው ከፊት የሚንጠለጠለው የቆዳ ኮሮጆ፣ ስፖራን፣ ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። የጎንደር ጋቢ እስካሁን አልተቆረጠም፣ ሽብሽቡም አልተሰፋም። ስለዚህ ቀበቶው ዛሬም እውነተኛ ሸክም አለበት፤ ማጋጠሚያውም እንዲሁ።

የማጋጠሚያ የመጀመሪያ በሽታ ከስፌቱ አይጀምርም፤ ከሽመናው ነው። ጠዋት በትኩስ ጉልበት የተመታ ማግ ይጠቀጠቃል። ከሰዓት በኋላ ክንድ ሲዝል ምቱ ይላላል። ከእቃው ላይ እኩል ርዝመት ይዘው የወረዱ ሁለት ቁራጮች ምታቸው ከተለያየ፣ ውሃ ሲነካቸው እኩል አይሰበሰቡም። አንዱ ያጥራል፣ ሌላው ይተርፋል፣ ስፌቱም እንደ ስልቻ አፍ ይሸበሸባል። ይህ የሚታየው ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ነው፤ ያኔ ሻጩ ገንዘቡን ወስዷል።

ሐቀኛ ሸማኔ የምቱን ልዩነት ጥለቱ ላይ ይተወዋል። ጋቢው ሲዘረጋ የአንዱ ቁራጭ ጥለት ከሌላው ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ገዢውም አይቶ ይወስናል። የሚያናድደው ሌላው ዓይነት ነው። አጭሩን ቁራጭ እየጎተቱ ረጅሙን እየሸበሸቡ ይሰፉትና ጥለቱን በግድ ያገናኙታል። ከዚያ ገዢው «ጥለቱ እንዴት ገጥሟል!» ብሎ ያደንቃል። የሚያደንቀው ማጭበርበሩን ነው። ስለዚህ የጥለት መግጠም ብቻውን ምስክር አይሆንም። ጋቢውን ማጋጠሚያው ላይ በሁለት እጅ ይዞ፣ ሳይጎትቱ፣ ዝም ብሎ ማንጠልጠል ነው። ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ሸማ እኩል ዝርግ ብሎ ከወረደ ሥራው ደህና ነው። አንዱ ጎን ከነፋና ከተወጠረ፣ ጥለቱ የፈለገውን ያህል ቢያምር መልሶ ማስቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው በሽታ ክሩ ነው። ማጋጠሚያ ጋቢው ከተሠራበት ፈትል በተረፈ ክር፣ በእጅ ይሰፋል። ፕላስቲክነት ያለው የመኪና ክር ከጥጡ ይበረታል፤ ብርታቱ ግን ለጋቢው ጠላት ነው። ጥጡ ሲሰበሰብ እርሱ አይሰበሰብም፤ ዝናር ሲጫነው ደግሞ የጠርዙን ድር እየከረከረ ይበጥሳል። ከዓመት በኋላ ስፌቱ ሳይነካ ግራና ቀኙ ተተልትሎ ይገኛል። በመኪና የተሰፋ ማጋጠሚያ ያለው የሚታጠቅ ጋቢ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ጥሩ ሥራ አይባልም።

ሦስተኛው መደራረብ ነው። ሰነፍ ሰፊ አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ጭኖ ስለሚሰፋው ወገብ ላይ ገመድ የመሰለ ጉብታ ይፈጠራል። ያ ጉብታ ድጉ ሥር ሲውል ለባሹን ይፈትጋል፤ ቀበቶውም አይረጋም። ጠርዝ ለጠርዝ፣ አፍ ለአፍ ተገጥሞ መሰፋት አለበት። ዓይንን ጨፍኖ አውራ ጣትን በስፌቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር መንዳት ይበቃል፤ ጣት ካወቀው ጥሩ ማጋጠሚያ አይደለም። ጋቢ ድርብርብ ስለሆነም ስፌቱ ድርቡን በሙሉ መያዙ ይታያል። ላዩን ብቻ ነክሶ ሥሩን የተወ ስፌት ጋቢውን በታጠቁት ቁጥር ውስጡን ያሸሸዋል፤ መጨረሻ ላይ ላዩ ወገብ ላይ፣ ውስጡ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ሳይነገራቸው የሚያውቁ ሰዎች በጎንደር ነበሩ። በዘመነ ቀዳማዊ ዮሐንስ፣ በ1668 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወስኖ ነበር፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር በሽመናና በስፌት የታወቀ ሆነ። ከከተማው ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ደግሞ ወለቃ አለ። የቤተ እስራኤል ወንዶች በዚያ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ። የክርስቲያኑ ገበሬ የክት ልብስ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ እጆች የወጣ ነው። የሚያሳዝነው፣ ልብሱን እየወደደ ሠሪውን የናቀ አገር መሆኑ ነው።

ከአዲስ ዓለም የድሮ ሸማኔዎች አንዱ፣ ሥራ የሚማር ልጅ የጨረሰውን ሲያሳያቸው ጥለቱን ጨርሶ አያዩም ነበር። ጋቢውን ገልብጠው ማጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ምንም ሳይናገሩ ይመልሱለታል፤ ልጁም ስፌቱን ሊፈታ ይቀመጣል። ሁለቱን ቁራጮች ራሳቸው ሲሠሩ በአንድ ቀን አይሠሯቸውም ነበር፤ አንዱን በአንድ ጠዋት፣ ሌላውን በሌላ ጠዋት፣ ክንዳቸው እኩል በበረታበት ሰዓት። ከሰዓት በኋላ የሚሠሩት የማይታጠቀውን ነጠላ ነው። በወለቃ የነበሩት ደግሞ ማጋጠሚያውን ከመስፋታቸው በፊት ሁለቱን ቁራጭ በውሃ ነክረው፣ ጥላ ውስጥ አድርቀው፣ መሰብሰብ ያለበትን ያህል ከተሰበሰበ በኋላ ይገጥሙት ነበር። የዚህን ያህል ትዕግሥት ያለው ሥራ ከዚያ ወዲህ ብርቅ ሆኗል። ከወለቃ ሰዎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ዘመቻ ሰለሞን ብቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጉዘዋል። ሙያው አብሮ ሄደ፤ ዛሬ በመንገዱ ዳር ለጎብኚ የሚሸጠው ቅርጻ ቅርጽ ያንን ሥራ አይተካም።

ወደ ወገቡ ስንመለስ፣ ድግ ረጅም፣ ሰፊና ለስላሳ መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ዞሮ ጫፉ በግራ በኩል ይሸጎጣል። ዝናር የሚታጠቅ ሰው አስቀድሞ ድግ ይታጠቃል፤ ዝናር በቀጥታ በጋቢ ላይ አይውልም፤ የቆዳው ጠርዝ ማጋጠሚያውን ይቆርጠዋልና። ይህን የማያውቁ ወጣቶች ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ዝናሩን በባዶ ጋቢ ላይ ያስሩታል፤ ለፎቶ ያምራል፣ ጋቢውን ያበላሻል።

የዝናሩ ነገር ረጅም አይደለም። በሚገባ የለፋ ቆዳ ሲታጠፍ ነጭ መስመር አያወጣም። የጥይት ቤቶቹ በወስፌ ተበስተው በጅማት ወይም በቆዳ ጠፍር ከተሰፉ ይቆያሉ፤ በሙጫ የተጣበቀ ለአንድ ሠርግ ነው። ዘለበቱ ከባድ ይሁን። የጥይት ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተመዛዝነው ከፊት ይውላሉ፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከሄዱ ዝናሩ ይጋደላል። በቀድሞው ሥርዓት ጎራዴ በቀኝ ጎን ስለሚታጠቁ የድጉ ጫፍ በግራ መዋሉ ከዚያ ጋር ይስማማል። ለባህል ጭፈራ ተብሎ ከእንጨት ተጠርቦ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ጥይት ክብደት ስለሌለው ዝናሩን አያስቀምጠውም፤ ወደ ላይ ይዘላል። ጨፋሪው ባዶ ዝናር ቢታጠቅ ይሻላል።

ስለ አስተጣጠቁ ሁለት ነገር ይበቃል። ሸማን ከትከሻ አውርዶ ወገብ ላይ ማሰር፣ ማደግደግ፣ በትልቅ ሰው ፊት የሚደረግ አክብሮት ነው፤ ስለዚህ ሠርግ ላይ ለአማቶች ተደግድጎ መቅረብ ተገቢ ነው፣ ከተቀመጡ በኋላ ግን ወደ ትከሻ መመለስ ይገባል። ትከሻ ላይ ሲጣል ጥለቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ይውላል። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገት አድርጎ ማዘቅዘቅ የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። ጥለቱን ለማሳየት ብሎ በደስታ ቀን አዘቅዝቆ የታየ ሙሽራ ተቀጣሪ አልባሾቹን ሊወቅስ ይገባል።

ጋቢ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ አይጠመዘዝም፣ በጥላ ተዘርግቶ ይደርቃል። ሲቀመጥ ማጋጠሚያው ላይ አይታጠፍም፤ አንድ ስንዝር ያህል ተርፎ ይታጠፋል፤ በየጊዜው የሚታጠፍበት ቦታም ይቀያየራል። በቅዳሜ ገበያም ሆነ በፒያሳ ሱቆች ጋቢ የሚሸጡ ሁሉ አንድ ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ጋቢውን በላስቲክ አሽገው ጥለቱን ብቻ ማሳየታቸውን ትተው፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ሙሉውን ዘርግቶ እንዲያየው ይፍቀዱለት።