እያንዳንዱ ብቻውን

ደጋው ኩታበር ላይ ማለዳ ደጅ ቆመው ወደ ደረት የሚስቡት ብርድ አንድ ነገር ብቻ ይመስላል፤ አየር። የዳልተንን ሕግ፣ የድብልቅ ጋዝ ግፊት የእያንዳንዱ ጋዝ ግፊት ድምር ነው የሚለውን፣ የምወደው ይህን አንድ መሳይ ነገር በአንደኛ ደረጃ ሂሳብ ስለሚፈታው ነው።

ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ የአየር ግፊት 560 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ናይትሮጅን 437፣ ኦክስጅን 118፣ አርጎን 5 ያዋጣሉ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መዋጮ ለቆጠራ አይበቃም። ደምሩት፤ ይሞላል።

ውበቱ ጋዞቹ አለመተዋወቃቸው ነው። እያንዳንዱ ጎረቤት እንደሌለው፣ ዕቃውን ብቻውን እንደሞላ ሆኖ ይገፋል። ደቦ ላይ እንኳ ሰው ከሰው ይጋፋል፤ ወሬውም አለ።

ይህን እ.ኤ.አ. በ1801 የደረሰበት ጆን ዳልተን የእንግሊዝ ሸማኔ ልጅ ነበር። የአየር ጠባይ ማስታወሻውን ከ1787 ጀምሮ በ1844 እስኪሞት ድረስ ጽፏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የእንፋሎት ድርሻ ነው። አየሩ ሳንባ ሲደርስ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ የውሃ እንፋሎት 47 ሚሊሜትሩን ይወስዳል፤ ቆላም ደጋም ያው 47። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ከ760 ሲቀነስ ብዙም አይሰማም። እዚህ ከ560 ሲቀነስ 513 ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ 108 ብቻ ነው። ከጅቡቲ ጭኖ የመጣ ሾፌር 150 ለምዶ ነው ዳገቱን የሚጀምረው፤ ጎማ ሊቀይር ወርዶ ቢያለከልክ አትሳቁበት።