ሌሊቱን የሚፈራ ቀዶ ሕክምና

መንጋጋው ተጣብቆ ያደገ ልጅ አገጩ ትንሽ ነው፤ ሲተኛም ያንኮራፋል። ቤተሰቡ ከባድ እንቅልፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሰመመን ባለሙያው ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለዚሁ ማንኮራፋት ነው፤ አገጭ ሳያድግ ሲቀር ምላስ ወደ ኋላ ይሸሽና የአየር መንገዱን ያጠብባል፣ ሌሊት ኦክስጅን ይወርዳል። ልጁ ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ካለበት ደግሞ ኦክስጅን ያነሰው ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ይቆለመምና ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋል።

በደቡብ ወሎ እንዲህ ያለ መንጋጋ ሲታይ የሚጠረጠረው በልጅነት በአገጭ መውደቅ ወይም ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል ነው። ሲክል ሴል በደጋው ብርቅ ነው፤ የሚያመልጠውም ለዚሁ ነው። የደም ማነስና ተመላላሽ የአጥንት ሕመም ያለበት ልጅ ከቀዶ ሕክምና በፊት ቢመረመር ወጪው ትንሽ ነው።

አፉ ለማይከፈት ሰው የመተንፈሻ ቱቦ የሚገባው በአፍንጫ፣ በቀጭን ካሜራ እየተመሩ ነው። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ኖማ በተባለው ፊትን የሚበላ በሽታ ጠባሳ የተቆለፉ አፎችን ለመክፈት አዲስ አበባ ሲመላለስ፣ ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር የሰመመን ባለሙያዎችና ነርሶች ያመጣ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲክል ሴል ሲጨመር የደም ባንኩም የቡድኑ አባል ይሆናል፦ በ2013 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ በወጣ ጥናት ቀድመው ደም ከወሰዱት ሕሙማን 15 በመቶው፣ ካልወሰዱት 39 በመቶው አሳሳቢ ችግር ገጥሟቸዋል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኦክስጅኑ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይጎድላል፣ ብርዱም የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ለሲክል ሴል ሕመምተኛ አይበጁም። ቀዶ ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ያግዛል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ኦክስጅን፣ ማሞቂያና የደም ማቀዝቀዣ ከሐኪሙ እጅ እኩል ይመዝናሉ።

ሐኪሙ የተጣበቀውን አጥንት ቆርጦ ያወጣል፣ ክፍተቱን በጡንቻ ሽፋን ይለብጣል፤ አፉ እዚያው ጠረጴዛ ላይ 35 ሚሊሜትር ካልተከፈተ መቁረጡ ይቀጥላል። ከዚያ ለወራት የአፍ መክፈት ልምምድ አለ፤ ያማል። ማስታገሻው ቢበዛ ትንፋሽ ያዳክማል፣ ቢያንስ ልጁ አፉን አይከፍትም፣ አጥንቱም ተመልሶ ይያያዛል። መጠኑን ሐኪሙ፣ የሰመመን ባለሙያውና ፊዚዮቴራፒስቱ አብረው ካልወሰኑት አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል።

የኮምቦልቻ ልጅ ለየሳምንቱ ልኬት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት መውጣት የለበትም። በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በተራ ማስመሪያ እናቱም ትለካለች፤ ቁጥሩ ሲቀንስ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ደሴ ነው።