መጋጠሚያው ነው እንጂ ዕቃው አይደለም

በቅርቡ ሥራ የጀመረ ልጅ «ጋሼ፣ ላይብረሪው እያለ ኮዱ ለምን እንደገና ይጻፋል?» ብሎ ያዘኝ። ይህን ጥያቄ የኮምፒውተር ባለሙያው ዳግ ማኪልሮይ እ.ኤ.አ. በ1968 ጀርመን፣ ጋርሚሽ በተካሄደው የኔቶ ጉባኤ ላይ አንስቶታል። ሶፍትዌር በፋብሪካ እንደሚመረት ዕቃ ከካታሎግ ይመረጥ፤ የሳይን ስሌት እንኳ በትክክለኝነቱና በፍጥነቱ እየተለየ በብዙ ዓይነት ይቅረብ አለ። ዛሬ ብዙዎች ያ ገበያ ደረሰልን ይላሉ። እኔ ግን ማኪልሮይን የማከብረው በሌላ ሥራው ነው።

በ1964 ፕሮግራሞችን እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እንቀጣጥላቸው ብሎ ማስታወሻ ጻፈ። ኬን ቶምፕሰን ይህን መቀጣጠያ፣ ፓይፕን፣ ዩኒክስ ውስጥ ያስገባው በ1973 ነው፤ እስከዚያ ማኪልሮይ መጎትጎቱን አልተወም።

በ1986 ደግሞ ጆን ቤንትሊ በመጽሔት ዓምዱ ላይ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በብዛት የተደጋገሙ ቃላትን የሚያወጣ ፕሮግራም እንዲጽፍ ዶናልድ ክኑትን ጠየቀው። ክኑት በርካታ ገጽ የፈጀ ድንቅ ሥራ አቀረበ። ገምጋሚው ማኪልሮይ ያንኑ ሥራ በፓይፕ በተያያዙ ስድስት ትእዛዞች ጨረሰው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማጠሩ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን መጋጠሚያው ነው። እስቲ በአማርኛ ሞክሩት። የመጀመሪያው ትእዛዝ፣ ቲአር፣ ከላቲን ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ ስለሚጠርግ የሚተርፈው ባዶ መስመር ነው። እሱን አውጥቼ የግዕዝ ፊደል ለይቶ የሚያስቀር አንድ መስመር ፐርል ተካሁ (አራት ነጥብ ከፊደሉ ጋር በአንድ የዩኒኮድ ክልል ስለሚገኝ ለብቻው ማስወጣት አይዘንጋ)። ሁለተኛው ትልቅ ፊደልን ትንሽ ያደርጋል፤ እኛ ዘንድ ሥራ የለውም። በቦታው ሐን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ አስገባሁ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁለት ቃል ሆነው እንዳይቆጠሩ። የቀሩት አራቱ አልተነኩም። ሶርት ይደረድራል፣ ዩኒክ ይቆጥራል፣ ሶርት እንደገና በብዛት ይደረድራል፣ ሴድ ከላይ ያሉትን ብቻ ያስቀራል። ሁለቱን ቀይሬ አራቱን መተው የቻልኩት መጋጠሚያቸው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ነው።

መጋጠሚያው ካልገጠመ ግን ደህና ኮድም ያጠፋል። በ1996 አሪያን 5 ሮኬት ከተነሣ 40 ሰከንድ ሳይሞላው የጠፋው ከአሪያን 4 በተወሰደ ኮድ ሰበብ ነው። ኮዱ በአሮጌው ሮኬት ላይ ደህና ይሠራ ነበር፤ ከአዲሱ ሮኬት አግድም ፍጥነት ጋር የተያያዘው ቁጥር ግን በ16 ቢት አልገባ አለ። ታዲያ ጥፋቱ መጋጠሚያው ላይ አይደለም?

ፍሬምወርክ ወዳዶች በዚህ አቋሜ ይስቁብኛል። እኔን በዚህ ሙያ ካቆዩኝ ነገሮች አንዱ ግን ፊደላችንን ያላሰበ ሰው የሠራው መሣሪያ በፊደላችን ሲሠራ ማየት ነው። ስለዚህ የምጽፈው ፕሮግራም ሁሉ ጽሑፍ ይቀበላል፣ ጽሑፍ ይሰጣል፤ ሌላ ጌጥ የለውም። አለቆች በተን የለውም ወይ ይሉኛል። የለውም።