የሽንኩርት 50 ቀን

መቼም እኛ አገር ስለ ሽንኩርት የማያወራ ሰው የለም። ሲወደድ ምርር ብለን እናወራለን፤ ሲረክስ ደግሞ «ገበሬው ማሳ ላይ ጥሎት ሄደ አሉ» እያልን እናወራለን። ስለ ደላላው፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ቁሌቱ ያልተባለ ነገር የለም። እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ ሽንኩርቱ ማሳ ከመግባቱ በፊት የት ነበር?

ይሄንን ጥያቄ ለብዙ የተማረ ሰው ብታቀርቡለት «መሬት ውስጥ ነዋ!» ይላችኋል። አልነበረም። እናቶቻችን ያበሻ ሽንኩርት የሚሉት ትንሹ ሽንኩርት ራሱ መሬት ገብቶ ነበር የሚራባው። ዛሬ ገበያውን የያዘው ትልልቁ ቀይ ሽንኩርት ግን፣ እነ ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ የሚባሉት፣ ከዘር ነው የሚነሳ። ዘሩ ጥቁር አዝሙድ የሚመስል ደቃቅ ነገር ነው። እንደ ጤፍ ማሳ ላይ ቢበትኑት አረም ይውጠዋል፤ ውሃው ያጥበዋል፤ የተረፈውን ፀሐይ ይጠብሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘራው በመደብ ነው። አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያላት፣ አፈሯ የደቀቀ፣ የበሰበሰ ፍግ የጠገበች ትንሽ መደብ ትዘጋጅለታለች። ከላይ ሣር ትለብሳለች፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ትቀምሳለች። ዘሩ ብቅ ሲል ሣሩ ይነሳል። ከ45 እስከ 55 ቀን እዚያው ከርሞ፣ ሦስት አራት ቅጠል ሲያወጣ፣ ሊነቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው ውሃ ይቀነስበታል፤ ጠንክር ለማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማሳ የሚዛወረው።

እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ይችን 50 ቀን ነው። ማንም አያያትም፤ ማንም አይቆጥራትም። የሽንኩርቱ ነገር የሚወሰነው ግን እዚያች ላይ ነው።

ይሄ ነገር የትም ቢሆን እውነት ነው፤ እንደ ዋግ ኽምራ ግን የሚከነክን ቦታ የለም። ሰቆጣን አልፋችሁ ወደ ተከዜ ቆላ ስትወርዱ ሰሃላን ታገኛላችሁ። ሰሃላ በዜና ስሙ የሚነሳው በድርቅ ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት ዝናቡ ሲቀር ከነዝቋላና ከነአበርገሌ ጋር ስሙ በየመገናኛ ብዙኃኑ ተጠራ፤ ከዚያ ተረሳ። ተከዜን የሚያህል ወንዝ ገደሉ ሥር እየፈሰሰ ላይኛው አገር ይጠማል። በእንዲህ ያለ አገር መስኖ ማለት ከትንንሽ ምንጭና ጅረት የሚጠለፍ ውሃ ነው። ጅረት ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ መስከረም ላይ ይዘላል፣ የካቲት ላይ ያነክሳል፣ ሚያዝያ ላይ አለሁ የሚለው በስሙ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ገበሬው መስከረም 10 ቀን መደብ ላይ ዘራ እንበል። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ችግኙ ይደርስለታል፤ ኅዳር ሲገባ ይተክላል። ከተተከለ በኋላ መቶ ምናምን ቀን ቢፈጅበት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ሽንኩርቱ ከመሬት ይወጣል። ጅረቱ ማነከስ ሲጀምር ሰውየው ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። አሁን ደግሞ ያው ዘር ኅዳር 1 ቀን ደረሰው እንበል። ተከላው ታኅሣሥ 20 አካባቢ ይሆናል፤ ምርቱ ሚያዝያ መጀመሪያ። ሽንኩርቱ ራስ ሊቋጥር ሲል፣ ውሃ አምጡ በሚልበት ሰዓት፣ ጅረቱ የለም። ሰውየው ሰነፍ አይደለም። መሬቱም አልከዳውም። የጎደለችው ሃምሳ ቀን ናት።

ሌላም ነገር አለ። መደቧ ጠባብ ስለሆነች በእንስራና በጀሪካን ሳይቀር ትጠጣለች። ያ ሁሉ ችግኝ መደብ ላይ በተከማቸበት 50 ቀን ሰፊው ማሳ አንድ ጠብታ አይጠይቅም። ውሃ በጠብታ በሚቆጠርበት አገር ከዚህ የበለጠ ምን ቁጠባ አለ? በእንግሊዝ አገር አንዳንድ አትክልተኞች በፈረንጆቹ ገና ማግስት ሽንኩርት ቤት ውስጥ የመዝራት የቆየ ልማድ አላቸው። እነሱ ብርድን ነው የሚቀድሙት፤ ሰሃላ የሚቀድመው ድርቅን ነው። ዘዴው ግን ያው ነው፤ ወቅቱ ሳይመጣ መጀመር።

ታዲያ የእኛ አሠራር ከዚህ ጋር ይሄዳል ወይ? በየዓመቱ የምንሰማውን ዜና አስታውሱት። «የዘንድሮው የበጋ መስኖ ሥራ በይፋ ተጀመረ» ይባላል። ባለሥልጣኑ ጎንበስ ብሎ አንድ ሁለት ችግኝ ይተክላል፤ ካሜራው ያነሳዋል። «ይህን ያህል ሺህ ሄክታር በመስኖ ለማልማት ታቅዶ እየተሠራ ነው» ይባላል። ጎበዝ፣ ሥራው «በይፋ በተጀመረበት» ቀን እኮ ሽንኩርቱ የሁለት ወር ልጅ መሆን ነበረበት! ሪፖርቱ ሄክታር ይቆጥራል እንጂ መደብ አይቆጥርም። የመስክ ቀን የሚባለውም ምርት ሲደርስ ይደረጋል። መስከረም ላይ መጥቶ ሣር የለበሰች መደብ ገልጦ የሚያይ እንግዳ እስቲ ማን ነው?

በሽንኩርት ብቻ አይደለም፤ ጠባያችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ቁጥሩን ሁላችንም በቃላችን ያዝነው። ያንን ሁሉ ችግኝ ወራት ፈጅቶ፣ ውሃ ተሸክሞ፣ ጥላ ሠርቶ ያሳደገው ማን እንደሆነ የጠየቀ ግን እምብዛም ነው። ተካዩ ሲታወቅ አሳዳጊው አይታወቅም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዘሩ ጣሳ እንምጣ። የሽንኩርት ዘር እንደ ስንዴ ዓመታት ጎተራ ውስጥ የሚከርም አይደለም፤ እንደነገሩ ከተቀመጠ በዓመት ውስጥ ጉልበቱ ይከዳዋል። ከውጭ የሚመጣው ዘር ጣሳው ላይ የማብቂያ ዘመን ተጽፎበታል፤ በፈረንጅ ቋንቋ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። አስቡት፤ በ2016 ዓ.ም አንድ ገበሬ ገበያ ወጥቶ 2023 የሚል ጣሳ ያነሳል። ፊደል የቆጠረ ልጁ ያነብለታል። በእነሱ ሒሳብ ዘሩ ገና ሰባት ዓመት አለው! በጣሳው ሒሳብ ግን ዘሩ ሞቷል። ሰውየው መደቡን አዘጋጅቶ፣ ፍጉን በትኖ፣ ውሃውን ተሸክሞ አሥር ቀን ይጠብቃል። ምንም ብቅ አይልም። ሌላ ዘር ፍለጋ ሲሮጥ ጥቅምት ይገባል። ነጋዴው አላጭበረበረው ይሆናል፤ ጣሳው ራሱ ነው የዋሸው። ማብቂያውን በአማርኛና በእኛ አቆጣጠር አንዲት ወረቀት ላይ ጽፎ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣል? ያ እስኪሆን ድረስ ገበሬው መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልልና ስንቱ እንደሚያቆጠቁጥ ሳምንት ያህል ይይ። ግማሹ ከቀረ ያ ጣሳ ጣሳ ብቻ ነው።

ሥልጠናውም ሌላ ጉድ ነው። ሥልጠና ሲጠራ የሚጠራው አባወራው ነው። መደቧ ግን ከጓሮ ናት። ጠዋትና ማታ የምታጠጣት፣ ሣሩን የምታነሳላት፣ ዶሮና ፍየል የምትከለክልላት ብዙ ጊዜ እማወራዋ ናት፤ ካልሆነም ልጆቿ። የሰለጠነው ሌላ፣ ችግኙን ያሳደገው ሌላ። አበል የተቀበለው ሰው «መደብ 10 በ1 ይሁን» ብሎ ሲተርክ፣ እሷ በዓይኗ ለክታ ሠርታ ጨርሳዋለች።

«ሽንኩርት ለዋግ ምኑ ነው? የተራበ ሰው እህል እንጂ ሽንኩርት አይበላም» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሆድ የሚሞላው ማሽላው ነው። ማሽላው ግን ሰማይ ላይ ነው ያለው፤ ዝናቡ ከቀረ ቀረ። ከጅረት ዳር ያለችው ቁራጭ መሬት ከዝናብ ውጪ የምታበላ ብቸኛ ማሳ ናት። የካቲት ላይ የተሸጠ ሽንኩርት፣ ጎተራው መመናመን ሲጀምር እህል ይገዛል፤ የልጅ ደብተር ይገዛል፤ ፍየሏ ያለ ዋጋዋ እንዳትሸጥ ያደርጋል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄን ነገር መንግሥታችን የማያውቀው አለመሆኑ ነው። ሐምሌ 2007 ዓ.ም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚባል ነገር ይፋ ሆኗል። እስከ 2022 ዓ.ም ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የተገባ ቃል ነው። የተመሠረተውም በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ልጅ ከተፀነሰ ጀምሮ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 1000 ቀናት የጎደለበትን በኋላ ቢያበሉት ሞልቶ አይተካለትም። እንግዲህ የሽንኩርቱም ነገር ከዚህ ይለያል? መደብ ላይ ተፋፍጎ፣ ውሃ ጎድሎበት፣ ወይም ቀኑ አልፎበት የቀጨጨ ችግኝ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ቢያቅፍ ድሮ ወደነበረበት ዕድል አይመለስም። በሰቆጣ ስም ለሕፃኑ ያወቅነውን፣ ሕፃኑን ለሚያበላው ጓሮ ስንት ጊዜ ነው የምንረሳው?

ምን ይደረግ ለሚለኝ ግድብ አልጠይቅም። ዘሩ ለሻደይ ይድረስ። የዋግ ልጃገረዶች ነሐሴ 16 ጨዋታቸውን ሲጀምሩ ዘሩ ሰሃላ ገበያ ላይ ይገኝ፤ ጨዋታው ሲያበቃ መደቡ ይቆፈር። ዕቅዱ ሄክታር ከመቁጠሩ በፊት መደብ ይቁጠር፤ መስከረም ላይ መደብ የሌለው ቀበሌ ኅዳር ላይ ሄክታር ሊኖረው አይችልምና። ሥልጠናው ውሃ የምትቀዳውን ሴት ይጥራ። እዚያው ሰቆጣ የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የሚያውቀውን ነገር ጊዜው ሳያልፍ የሚሰማው ጆሮ ያግኝ። ይሄ ሁሉ አዲስ በጀት ከመጠየቁ በፊት የሚጠይቀው ቀን መቁጠሪያ ነው።

ባለሥልጣኑም ፎቶ መነሳቱን አይተው፤ ማን ከለከለው? ቀኑን ብቻ ይቀይርልን። መስከረም ላይ ይምጣና መደቧ አጠገብ፣ ጀሪካን ከያዘችው ሴትዮ ጎን ቆሞ ይነሳ። የሚታይ አረንጓዴ ነገር አይኖርም፤ ከሣር በቀር። ያ ፎቶ ለዜና ባይመችም፣ የካቲት ላይ ሽንኩርት የሚኖረው ግን እሱ የተነሳበት ቀበሌ ነው።