የበረዶው ሰው፦ ከመጽሐፍ ገጽ ወደ አኒሜሽን ፊልም

ከሕፃናት መጽሐፍ ተወስዶ ስለተሠራ ፊልም የሚጻፍ ሂስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጥያቄ አያልፍም፤ ይኸውም ፊልሙ ለመጽሐፉ ታምኗል ወይስ አልታመነም የሚለው ነው። ጥያቄው ለልቦለድ ድርሰት ምናልባት ይበቃ ይሆናል። ለሥዕል መጽሐፍ ግን አይበቃም፤ የሥዕል መጽሐፍ ከታሪኩና ከሥዕሉ ሌላ ገጽ የሚባል ነገር አለውና። ገጹን የሚገልጠው እጅ የሕፃኑ ነው። የወደደው ሥዕል ላይ ይቆያል፣ የፈራውን ቶሎ ያልፋል፣ ያልገባውን ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል። ፊልም ይህን ሥልጣን ከእጁ ይወስድበታል። እንግዲህ ሊጠየቅ የሚገባው፣ ፊልሙ በወሰደው ምትክ ለሕፃኑ ምን ሰጠው የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከእንግሊዛዊው ሠዓሊና ደራሲ ከሬይመንድ ብሪግስ ‹‹የበረዶው ሰው›› የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1978 ታተመ። በዳያን ጃክሰን አዘጋጅነት የተሠራው የ26 ደቂቃ ያህል ፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 1982፣ ገና ሁለት ወር እንኳ ባልሞላው የቻናል 4 ቴሌቪዥን ለሕዝብ ታየ።

ብሪግስ ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው መጽሐፍ ጭቃና ዝቃጭ፣ ቃላትም የበዙበት ነበር። ከዚያ ሥራ ሲወጣ ንጹሕ፣ ቀላልና ቃል የሌለው ነገር ለመሥራት መሻቱን ራሱ ተናግሯል። በመሆኑም ‹‹የበረዶው ሰው›› አንድም ዐረፍተ ነገር የለውም። ታሪኩን የሚተርኩት በባለቀለም እርሳስ ተሥለው በገጹ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ሥዕሎች ናቸው። አንድ ልጅ ማለዳ ሲነቃ ምድሩ ነጭ ሆኖ ያገኘዋል። የበረዶ ሰው ይሠራል፤ ኮፍያና የአንገት ልብስ ያለብሰዋል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎት በሩን ሲከፍት የበረዶው ሰው ኮፍያውን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጠዋል። ልጁም እንደ ደግ የቤት ጌታ እንግዳውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚህ ቤት ውስጥ ነው። እንግዳው የእሳት ምድጃው ያስፈራዋል፤ የማብሰያው ሙቀት ያስደነግጠዋል፤ በመብራቱ ማብሪያ ይደነቃል፤ ደስ የሚለው ማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ሲተኛ ነው። ሕፃናት በዚህ ይስቃሉ፣ መሳቃቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ሥዕሎቹን ቀስ ብሎ ላያቸው፣ ለሰው ልጅ የሚመቸው ሁሉ ለዚህ እንግዳ ሞቱ እንደሆነ ያሳያሉ። የመጨረሻው ገጽ ከማእድ ቤቱ ጀምሮ እየተነገረ ነው ማለት ይቻላል። ብሪግስ ወላጆቹን እ.ኤ.አ. በ1971፣ ባለቤቱን በ1973 በሞት ያጣ ሰው ነበር። ፍጻሜን አሳምሮ የመጨረስ ልማድ እንደሌለው፣ ሕይወት ያለው ሁሉ እንደሚሞትና ልጆችም ይህን ማወቃቸው እንደማይቀር በኋላ ዘመን ሲጠየቅ ገልጿል።

የአገራችን ሕፃን ከዚህ ታሪክ ምን ያገኛል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ‹‹በረዶ›› ስንል በክረምት የቆርቆሮ ጣራ የሚደበድበውንም፣ በማቀዝቀዣ የሚረጋውንም፣ በሩቅ አገር እንደ ጥጥ የሚወርደውንም በአንድ ስም እንጠራለን። የአዲስ አበባ ልጅ የበረዶ ሰው ሠርቶ አያውቅም። ነገር ግን በእፍኙ የለቀመውን በረዶ ለእናቱ ሊያሳይ ሲሮጥ መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ የቀረበትን ጊዜ ያስታውሳል። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያሻውም።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። የሠሪዎቹ ትልቁ ብልኅነት ዝምታውን አለመድፈራቸው ነው። ገጸ ባሕርያቱ አይነጋገሩም፤ ‹‹አሁን ልጁ አዘነ›› እያለ የሚተርክ ድምፅም የለም። የቃሉን ቦታ የያዘው የሃዋርድ ብሌክ ሙዚቃ ነው፤ ብቸኛው መዝሙርም ልጁና እንግዳው በሰማይ ሲበሩ በሕፃኑ ዘማሪ በፒተር ኦቲ ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛው የሚያስመሰግናቸው ነገር የእርሳሱን ጭረት ማትረፋቸው ነው። በዘመኑ የተለመደው አሠራር የቅርጹን መሥመር በሴሉሎይድ ላይ አስቀምጦ ውስጡን ልሙጥ በሆነ ቀለም መሙላት ነበር። የዚህ ፊልም ሠዓልያን ግን በእርሳስና በፓስቴል ጭረት ስለሠሩ የመጽሐፉ ገጽታ አልጠፋም። እያንዳንዱ ሥዕል በእጅ እንደገና የሚቀባ በመሆኑ ጭረቱ ሁለት ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አይውልም፤ ምስሉ ሁሉ በስሱ ይንቀጠቀጣል። በሌላ ፊልም ጉድለት ይባል ነበር። እዚህ ግን የምናየው ነገር ሁሉ እንደማይቆይ ያለ ቃል ይነግረናል።

ሁሉም መጽሐፍ እንዲህ የተመቸ አይደለም። አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው የአውሬዎች አገር ታሪክ ላይ ሥዕሉ መጀመሪያ በሰፊ ነጭ ኅዳግ የተከበበ ትንሽ ነገር ነው። የልጁ ቁጣና ምናብ ሲያድግ ሥዕሉም ኅዳጉን እየዋጠ ሄዶ፣ በአውሬዎቹ ጭፈራ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ ይይዛል፤ ቃል ከነአካቴው ይጠፋል። ከ1959 አንሥቶ ፕራግ ከተማ ይሠራ የነበረው ጂን ዳይች ይህን መጽሐፍ በ1970ዎቹ ወደ ፊልም መልሶታል። የሰውየው ትጋት አያከራክርም። ነገር ግን በሕፃኑ መዳፍ ላይ ሳለ የሚያድግን ሥዕል አራት ማዕዘኑ የማይሰፋ ስክሪን በምን ይተካዋል?

የጃክሰንም ፊልም የወሰደውን ያህል ያልመለሰበት ቦታ አለው። በመጽሐፉ ሁለቱ ጓደኛሞች ብራይተን ወደተባለችው የባሕር ዳር ከተማ በረው፣ ጎሕ ሲቀድ ፈጥነው ይመለሳሉ። ፊልሙ ግን ወደ ሰሜን ዋልታ ወስዶ ብዙ የበረዶ ሰዎች ከሚጨፍሩበት ድግስ ያደርሳቸዋል፤ የገና አባትም ለልጁ የአንገት ልብስ ይሸልመዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ገና የሚባል በዓል የለም። አጭር መጽሐፍ የበዓል ሰሞን የቴሌቪዥን ጊዜ መሙላት ነበረበትና ምክንያቱ አይሠወርም። ብሪግስ ራሱ ጭማሪው ርካሽ ስሜት እንዳለበት ተናግሮ፣ ለፊልሙ ግን እንደሠራለት አልካደም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ድግሱ የፊልሙ ደካማ ክፍል ነው። በቤት ውስጥ ወደር ያልነበረው እንግዳ እዚያ ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ ይቀራል።

ስለ አንገት ልብሱ ግን እንዲህ በቀላሉ መፍረድ አይቻልም። ማለዳ ልጁ ወጥቶ የቀለጠውን ክምር ሲያይ ስጦታው ከኪሱ ይወጣል። ይህ መጀመሪያ ሲታይ ለሕፃኑ የተሰጠ ማባበያ ይመስላል፤ ነገሩ በእርግጥ ተፈጽሟል፣ አይዞህ የሚል። በመጽሐፉ የቀሩት ኮፍያና የአንገት ልብስ ልጁ ራሱ ያለበሳቸው በመሆናቸው ምንም አያረጋግጡም፤ ሕልም ነበር ብሎ መጽናናት ይቻላል። ፊልሙ ማስረጃውን በእጁ ሲያስይዘው ያንን መውጫ ይዘጋበታል። ሕልም ካልነበረ፣ የሞተው በእርግጥ ጓደኛው ነው። ይህ ጸሐፊ ሽልማቱን ለረጅም ጊዜ እንደ ጥፋት ሲቆጥረው ቆይቶ አሁን ግን ተጠራጥሯል። እናት ወይም አባት ከቤት ወጥተው ልጁን ሲያቅፉት አናይም። ተንበርክኮ ይቀራል፤ ፊልሙም በዚያው ያበቃል።

ሁለቱንም ሥራዎች በክፍል ውስጥ ለመጠቀም የሚያስብ መምህር ቅደም ተከተሉን ቢያስብበት መልካም ነው። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ሕፃን መጽሐፉን ሲያገኝ ሰሜን ዋልታውን ይፈልጋል፣ አያገኘውም፤ የገና አባትን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ቃል ስለሌለ መምህሩም ከእርሱ የተሻለ አንባቢ አይደለም፤ ሊያነብለት የሚችለው ነገር የለምና። ሕፃኑ ገጾቹን ወደፊትና ወደ ኋላ ሲያገላብጥ ቆይቶ ከማእድ ቤቱ ይደርሳል፤ እዚያም እንግዳው ከሙቀቱ ሲሸሽ የሚያሳየውን ሥዕል፣ በፊልሙ ሲስቅ ያለፈውን፣ የፈቀደውን ያህል ቆይቶ ያየዋል።