ሉንጊና ሽርጥ፦ በአደብ ትምህርታችን ውስጥ የልማድ ስፍራ

የአንድን ሙስሊም ሕዝብ አለባበስ፣ አነጋገርና የሰላምታ ወግ ስንመረምር ሁለት ስሕተቶች ይፈታተኑናል። አንደኛው ሕዝቡ የሚያደርገውን ሁሉ ዲን አድርጎ መቁጠር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እኛ ያልለመድነውን ሁሉ ከዲን ውጭ ማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንሄሰው በአንዳንድ መድረሳዎቻችን የሚሰጠውን የአደብ ትምህርት ሲሆን፣ ለማነጻጸሪያ የመረጥነው የቤንጋሊን ሕዝብ የዕለት ተዕለት ወግ ነው።

መነሻችን ቅርብ ነው። በጉርድ ሾላ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚያመራውን ምእመን የተመለከተ ሰው ሱፍ የለበሰውን የቢሮ ሠራተኛ፣ ጀለቢያ ያጠለቀውን ነጋዴ፣ ጋቢ የደረበውን አዛውንት፣ እስከ ጉልበት የሚወርድ የደቡብ እስያ ቀሚስ ከሱሪ ጋር የለበሰውን ወጣት በአንድነት ያያል። ሁሉም በአንድ ሶፍ ቆመው ሰግደዋል። በዚሁ ሰፈር ለሕፃናት የታደለ አንድ የትምህርት ወረቀት ግን «የሙስሊም ልብስ» በሚል ርእስ ሥር ያንን የደቡብ እስያ ቀሚስ ብቻ ስሎ፣ ሽርጥና ጋቢን «የባህል ልብስ» ብሎ በሌላ ዓምድ ማስፈሩን ተመልክተናል። ወረቀቱን ይዞ የገባ ልጅ ከወሎ የመጡትን አያቱን «አባባ፣ የሚለብሱት እኮ የሙስሊም ልብስ አይደለም» አላቸው። አዛውንቱ አልተቆጡም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሱብሒን የሚሰግዱት በቤታቸው ነው። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «እናንተ የምትሰግዱበት ልብስ የለኝም» አሉን። አንድን ሰው ከጀማዓ ያስቀረ ትምህርት በምን መሠረት ላይ እንደቆመ መመርመር ግድ ይላል።

ለማነጻጸሪያ ቤንጋልን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤንጋሊዎች በዋናነት የሚኖሩት በባንግላዴሽና በህንድ የምዕራብ ቤንጋል ግዛት ነው። ከባንግላዴሽ ሕዝብ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ሙስሊም ሲሆን፣ በምዕራብ ቤንጋል ግን የሚበዛው ሂንዱ ነው። አንድ ቋንቋ የሚናገሩና አንድ ዓይነት ምግብ የሚመገቡ የሁለት ሃይማኖቶች ተከታዮች ለዘመናት ጎን ለጎን በኖሩበት አገር፣ የትኛው ወግ የሃይማኖት፣ የትኛው የአገር እንደሆነ ለመለየት ይቻላል። ምድሪቱም ለእኛ ፈጽማ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1487 ጀምሮ እስከ 1490ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የቤንጋልን ሱልጣኔት የገዙት፣ ከምሥራቅ አፍሪቃ በባርነት ተወስደው በውትድርና ለሥልጣን የበቁ «ሐበሺዎች» ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ስም የሚጠራው ሚናራ ዛሬም በጥንታዊቱ መዲና በጋውር ፍርስራሽ መካከል ቆሞ ይታያል።

በልብስ እንጀምር። የቤንጋል ገበሬ፣ ጀልባ ቀዛፊና ባለ ሱቅ የሚያገለድመው ሉንጊ ዳርና ዳሩ ተሰፍቶ ወገብ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ነው፤ የአፋር፣ የወሎ ቆላና የሐረርጌ ሰው ሽርጥ ከሚለው ጋር እምብዛም አይለይም። ሁለቱም በሐዲስ ለተጠቀሰው ኢዛር የቀረቡ ናቸው። ለጁሙዓና ለዒድ ደግሞ የቤንጋል ሙስሊም ፓንጃቢ የሚባለውን ረጅም ቀሚስ ይለብሳል፤ የመድረሳው ወረቀት የሳለው ልብስ የዚህ ዓይነት ነው። ነገር ግን ፓንጃቢን የቤንጋል ሂንዱም በሠርጉና በአምልኮ በዓሉ ይለብሰዋል። በአንጻሩ ሉንጊ በዚያ አገር ከሙስሊሙ ጋር ተያይዞ ይታያል፤ የሂንዱው መለያ ተደርጎ የሚወሰደው ዶቲ ነው። እንግዲህ ወረቀታችን ሁለቱ ወገኖች የሚጋሩትን ልብስ ለእስልምና ሰጥቶ፣ እዚያ የሙስሊሙ መታወቂያ የሆነውን ዓይነት ከእስልምና አውጥቶታል። የሴቶቹ ሳሪም እንዲሁ የሁለቱም ወገን ልብስ ነው። ፍርዱ በስሙ ላይ አይሰጥም፤ ሆድና ክንድን ካጋለጠ ለሶላት አይበቃም፤ በላዩ ሰፊ መሸፈኛ ከተደረበበት ይበቃል።

የዲኑ ሚዛንም ይህንኑ ያሳያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የለበሱት ኢዛርና ሪዳእ የመካ ጣዖታውያንም ይለብሱት የነበረ የአገሩ ልብስ ነበር። በተቡክ ጉዞ ላይ እጅጌው የጠበበ የሻም ጁባ ለብሰው እንደነበርና ለውዱእ እጃቸውን ከሥር ማውጣት እንዳስፈለጋቸው ሙጊራ ኢብን ሹዕባ ያስተላለፉት ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል፤ ሻም ደግሞ ያን ጊዜ በሮማውያን እጅ ነበረች። ሸሪዓው ድንበር አበጅቷል፦ ዐውራ ይሸፈን፣ ልብሱ ገላን አያሳይ፣ ወንድ ሐር አይልበስ፣ ኩራት አይግባበት። ከድንበሩ ወዲህ ያለው ሰፊ ሜዳ ግን ለሰዎች ልማድ ተትቷል። የፊቅህ ሊቃውንት ከአምስቱ ታላላቅ መርሖች አንዱን ስለ ልማድ ዳኝነት ያደረጉት ይህን ሜዳ ስለሚያውቁ ነው።

ሌላውን ሕዝብ ከመምሰል የሚያስጠነቅቀው ሐዲስ ይነሣብን ይሆናል። ሐዲሱን አናቃልልም። ሆኖም ብዙ ዑለማዎች ያስተማሩት፣ የተነቀፈው የሌላ ሃይማኖት ልዩ መለያ የሆነውን ነገር መከተል እንደሆነ ነው። ጋቢ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የደጋውን ብርድ የሚከላከልበት ልብስ እንጂ የማንም ሃይማኖት ምልክት አይደለም።

ከልብስ ይልቅ የረቀቀው የአነጋገር አደብ ነው። ቤንጋሊኛ ለአንድ ሰው ሦስት ዓይነት መጠሪያ አለው፦ ለታላቅና ለእንግዳ «አፕኒ»፣ ለቅርብ ወዳጅ «ቱሚ»፣ ለታናሽ ወይም እጅግ ለቀረበ «ቱኢ»። የኛም አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ»ን ከ«እርስዎ» ይለያል፤ በገጠሩ «አንቱ» ይባላል። የሐዲስ ዐረብኛ ግን ለአባትም ለልጅም «አንተ» ይላል። የዐረብኛውን የአደብ መጽሐፍ ቃል በቃል ተርጉሞ አባቱን «አንተ» የሚል ተማሪ፣ ቃሉን ጠብቆ አደቡን አፍርሷል። ተርጓሚዎቻችን ይህን ቀደም ብለው ተረድተውታል፦ ዐረብኛው በነጠላ «ቃለ» ሲል በአማርኛ «ብለዋል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ አክብሮት ከአገራችን ልማድ የተወሰደ ነው፤ ሆኖም ማንም ቢድዓ አላለውም። ልማድ አደብን የሚያገለግልበትን መንገድ በየቀኑ በምናነበው ሐዲስ ውስጥ እያየን፣ በልብስ ላይ ስንደርስ መርሳታችን የሚያስተዛዝብ ነው።

ይህ ሲባል ልማድ ሁሉ ይጽደቅ ማለታችን አይደለም። በቤንጋል ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ልጆች በዒድ ቀን የታላላቆቻቸውን እግር በእጃቸው የሚነኩበት «ከደምቡሲ» የሚባል ወግ አለ፤ ብዙ ዑለማዎች ሩኩዕን ይመስላል በማለት ይቃወሙታል። በኛም አገር ጉልበት መሳም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። እዚህ ላይ መምህሩ ጎንበስ ማለቱን ከአክብሮቱ ለይቶ፣ የመጀመሪያውን በእርጋታ ማረም፣ ሁለተኛውን ደግሞ ማቆየት ይችላል። ከዚህ የከፋም አለ፦ «ጆቱክ» የሚባለው የሙሽራዋ ቤተሰብ ለሙሽራው ወገን እንዲከፍል የሚያስገድድ ልማድ፣ መህርን ለሴቲቱ መብት ያደረገውን የቁርኣን ድንጋጌ ይገለብጣል። የባንግላዴሽ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1980 በሕግ ከልክሎታል፤ በ2018 ደግሞ በአዲስ ሕግ ተክቶታል። በወገብ የታሰረው ጨርቅ ማንንም አልበደለም፤ ጆቱክ ግን ሴቶችን ይበድላል። ቁጣችን በጨርቁ ላይ ካለቀ ለበደሉ የሚተርፍ አይኖረውም።

ከቤንጋል የተሐድሶ ታሪክም የምንማረው አለ። ከ1781 እስከ 1840 የኖሩት ሐጂ ሸሪዓቱላህ ከረጅም የመካ ቆይታ ተመልሰው የመሠረቱት እንቅስቃሴ «ፈራኢዲ» የተባለው ከፈርድ ነው። ብዙ ልማዶችን አጥብቀው ተቃውመዋል፤ የጥሪያቸው ስም ግን ግዴታ በሆነው መጀመር እንደሚገባ ያስታውሳል። በጀማዓ መስገድ ያለው ትልቅ ደረጃ የታወቀ ነው፤ ስለ ቀሚስ ቅርጽ ብሎ ሰውን ከጀማዓ ማስቀረት ግን ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው።

ስለዚህ የአደብ መምህር ስለ አንድ ወግ ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ራሱን እንዲጠይቅ እናሳስባለን፦ ጽሑፋዊ ማስረጃው በእርግጥ የሚናገረው ስለዚህ ነገር ነውን? ወጉ የሌላ ሃይማኖት መለያ ነውን ወይስ የአገር ልማድ? ሰውን ይበድላልን? ሦስቱንም ያለፈ ልማድ በ«ባህል» ዓምድ ተገፍቶ ሊቀመጥ አይገባውም፤ የሙስሊሙ ሕይወት አካል ነውና።

የትምህርት ወረቀቱን ማረም የአንድ ቀን ሥራ ነው። አዛውንቱን ወደ ሶፋቸው ለመመለስ ግን መምህሩ ራሱ በራቸው ድረስ መሄድ፣ «አባባ፣ እኛ ተሳስተናል፤ ይምጡልን» ማለት ይኖርበታል። ከዚህኛው እንዲጀመር እንመክራለን። ወላሁ አዕለም።