የኳስ ልብ ወለድ ለምን ዘገየብን?

ጋፋት ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ስንራገጥ እንውልና ማታ አያቴ የ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜን ይተርኩልን ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆንን፤ በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ 4 ለ 2! አንዳንድ ማታ አያቴ 5 ያደርጉታል። ማን ይከለክላቸዋል?

ታዲያ አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «ለልጆች የኳስ ልብ ወለድ ያጣነው ማንበብ ስለማንወድ ነው» ሲሉ አልስማማም። የእንግሊዝ ልጅ አንባቢ ሆኖ አልተፈጠረም እኮ። እ.ኤ.አ. ከ1870ው የትምህርት ሕግ ወዲህ ፊደል የቆጠረ የድሃ ልጅ በዛ፤ በግማሽ ፔኒ የሚገዛ ሳምንታዊ ወረቀትም ተከተለው። «ቦይስ ሬልም» በ1902፣ «ጄም» በ1907፣ «ማግኔት» በ1908 ወጡ።

የእነዚህ ወረቀቶች የኳስ ታሪክ ብልሃቱ ከጨዋታው በፊት ነው። ልብ የሚሰቅለው «ልጁ በሰዓቱ ሜዳ ይደርሳል ወይ?» የሚለው ነው፤ ይታገታል፣ በሐሰት ይከሰሳል፣ ተቀጥቶ ክፍል ይዘጋበታል። ብልሃቱን አልንቅም፤ ቀጣዩን ቁጥር ያስገዛል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ጆርጅ ኦርዌል በ1940 በጻፈው ሂስ እንዳሳየው፣ የ«ማግኔት» ዓለም የባለጸጎች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ከአንባቢዎቹ ብዙው ግን በዚያ ደጃፍ የማያልፍ ልጅ ነበር። ደራሲው ፍራንክ ሪቻርድስ በዚያው ዓመት መልስ ሰጠ፤ ልጅን ደስ ማሰኘት ይበቃል ዓይነት ነገር። እኔን አላረካኝም።

እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ሮይ ሬስ «ታይገር» ላይ ብቅ አለ። (ቁጥሩ አያሳስታችሁ፤ የእኛው 1954 ከዚያ በሰባት ዓመት ይዘገያል።) ሮይ ዋንጫ የሚያነሣው በወረቀት ላይ ነው፤ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ግን አዲስ አበባ ላይ በእውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አስመራ የተወለደ፣ አባቱ የኢጣሊያ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ ክልስ በሚናቅበት ዘመን ያደገ ልጅ። «ሜዳ ይደርሳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከማንም ይልቅ የእሱ ነበር። አያቴ ግን ይህን አልነገሩንም፤ የእሳቸው ተረክ ከፊሽካው ይጀምራል።

ሉቺያኖ በ2015 ዓ.ም. በኢጣሊያ አረፈ። የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ያሳተመውም በኢጣሊያንኛ ነው። ጋፋት ላይ ዛሬ ኳስ የሚራገጠው ልጅ ደግሞ ኢጣሊያንኛ አያነብም።